ሆደ ሰፊ

ብራጋ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣
ደወል የሚወለድበት ቤት አለ፤ ጣሪያው ጥቁር፣ ግድግዳው ባዶ።
ስድስት ዓመት ሠራሁበት። ጭቃ አቦካሁ፣ ፍም ቆሰቆስኩ፣
በፖርቱጋልኛ ተሰደብኩ፣ በአማርኛ መለስኩ።

ሥራውን ያስለመደኝ ካንቲላል ነው፤ ከሕንድ፣ የዲዩ ደሴት ሰው፣
ጢሙ እንደ ኖራ የነጣ፣ ቅንድቡን እሳት የላሰው።
እናቱ የአዩርቬዳ ሐኪም ነበረች፤ በጣቷ ደም ሥር የምታነብ፤
ከእሷ የቀረለት ይህ ነው፦ ምድጃ ዳር ስንሰበሰብ
ያንዳችንን አንጓ ይይዝና ዐይኑን ጨፍኖ ያደምጣል፤
«ያንተ ውሃ በዝቷል» ይላል፤ «ያንተ እሳት ዛሬ ይቆጣል።»

ለእኔ ግን «ቫታ» አለኝ። «ነፋስ ነው የበዛብህ፣
እንቅልፍህን እንደ ገለባ ጠርጎ የወሰደብህ።
ሰሊጥ ዘይት አሙቀህ እግርህን እሸው ማታ፤
ጥሬ አትብላ፤ ከብርድ ሽሽ፤ ለሐሳብህም ስጠው ፋታ።»
ሳቅሁበት። «በእኛም አገር ነፋስ ሰው ይመታል» አልኩት፤
ወገቤን ይዞኝ ነበር ያን ሰሞን፤ ያንን ግን ሸሸግኩት።

«ስንት ናቸው?» «አምስት» አለኝ። «አራት!» አልኩ፤ ደሜ ፈላ፤
በለበቅ ነው የተማርኩት፣ ስቆጥር ዱላ ስበላ፤
«መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስ፣ እሳት፤ ሥጋ አራቱ ይበቁታል፤ ነፍስ የራሷ ሦስት አላት፤
ልብ፣ ቃል፣ ሕይወት። ሲደመር ሰባት!»
ካንቲላል አልተቆጣም። አመዱን ከጭኑ አራገፈ፤
«አምስተኛው አይታይም፤ ሲሰማ ነው» ብሎ አለፈ።

ያን ሳምንት የያዝነው ሥራ የዤሬሽ ተራራ ደወል፣
የፊተኛው ተሰንጥቆ እንደ ገል ድስት «ቋ» የሚል።
ውስጡን በጭቃ ገነባን፤ የፈረስ ፋንድያ፣ የፍየል ፀጉር፤
ላዩን በሌላ ጭቃ፤ መሐሉን ለነሐስ ጠባብ ድንበር።
ከዚያ እሳቱ። ከዚያ ፈሰሰ፣ እንደ ማር፣ እንደ ቁጣ፤
ማንም አልተናገረም። ላብ ብቻ ነበር የወጣ።

ሁለት ቀን ጉድጓድ ውስጥ ቀዘቀዘ። በሦስተኛው አወጣነው፤
ከባድ፣ ሻካራ፣ ደንቆሮ። በመዶሻ ብትመታው
«ድው» ይላል እንደ ጆንያ፤ ሆዱን ጭቃ ሞልቶት።
ግራሲንዳ፣ አለቃችን፣ መሮ ሰጠችኝ፦ «ግባና አውጣለት።»
ተንበርክኬ ቀኑን ዋልኩ፤ አፈር በላሁ፣ አፈር ተፋሁ፤
አሥራ አንድ ጋሪ ጭቃ ከበሩ ውጭ ደፋሁ።
ካንቲላል በሩ ላይ ቆሞ፣ ጋሪውን እየቆጠረ፣
«አየኸው?» «ምኑን?» «የምታስገባውን!» ራሴ ዞረ።

ማታ በሰንሰለት ሰቅለን፣ በእንጨት መዶሻ ነካችው።

እንዴት ልንገራችሁ?
የጮኸው ነሐሱ አልነበረም። በጋሪ ያወጣሁት ጭቃ
ትቶት የሄደው ቦታ ነው የጮኸው።
ከእግሬ ገባ፤ በሚያመኝ ወገቤ አልፎ ጥርሴ ላይ ቆመ።
ግራሲንዳ ግን «ቀጥኗል፤ ከውስጥ ይፋቅ» አለች። ቀኑም ጨለመ።
ለካ ደወል የሚታረመው በመጨመር አይደለም፤
ሆዱ ካልሰፋለት በቀር ድምፁ አይወፍርም።

«በእኛ ቋንቋ» አልኩት ካንቲላልን፣ «ቻይ ሰው ሆደ ሰፊ ነው።»
አስደገመኝ። «ሆደ... ሰፊ።» በጉጃራቲ ፊደል ጻፈው፣
በሲሚንቶ ከረጢት ቅዳጅ ላይ። «ታዲያ እናንተም ዘንድ አለ» አለኝ፤
«ከባሕርይ ሳይሆን ከጠባይ ቆጥራችሁት ነው እንጂ።» ዝም አሰኘኝ።

አልተረታሁም። አራት ነው እላለሁ እስካሁን ድረስ።
ሰሊጥ ዘይቱን ግን ገዛሁ፤ ውድ ነው፤ ትራሱን ያበላሻል ሲፈስ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ እግሬን እያሸሁ፣ ሆዴን ባር ባር ሲለው፣
ድሮ በዳቦ ወይ በወሬ እሞላው ነበር፤
አሁን ትንሽ እተወዋለሁ። ምናልባት አንድ ነገር ሊል ነው።